ሽማግሌው በረኛ

በድሩ፣

ከሥራ ስትመለስ አታገኘኝም። አጎቴ ጠዋት ከሞያሌ ደወለ፤ ሱቁን የሚይዝለት ሰው ጥሎት ሄዷል። «ዛሬውኑ ተሳፈር» አለኝ። እንቢ ልል አፌን ከፍቼ «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ያሳደገኝን ሰው ምን ልበለው?

ቁልፉ ግቢውን የሚጠብቀው ዋችማን ጋ ነው። ውሃ ሊጠፋ ነው ስላሉ ጄሪካኖቹን ሞልቻቸዋለሁ። ድስቱ ውስጥ ሩዝ አለ፣ ሳይበላሽ ብላው።

የመጫወቻ ካርዶቻችን አልጋህ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ዌስትላንድስ ሰፈር ለምትወዳደርበት ጨዋታ የምትይዛቸውን ስልሳውን ለብቻ ላስቀምጥልህ ብዬ ዘረጋኋቸው።
ስንጀምር ሠላሳው ያንተ፣ ሠላሳው የኔ ነበር። በተሸነፍን ቁጥር «ይቺ ቀርፋፋ ናት፣ ትውጣ» ትላለህ። የምትወጣው ሁሌ የኔዋ ናት። አሁን ሳይ ከዘንዶዎችህና ከአስማተኞችህ መሀል የኔ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ በትር የያዘው ሽማግሌ በረኛ የተሳለበት ካርድ።
ልክ ነበርክ። ማሸነፍ የጀመርነው የኔዎቹ ሲወጡ ነው። ወላሂ አልተቀየምኩም።

ትናንት የጮህኩብህ ግን በሩዙ አልነበረም። አፉ በለኝ።

በረኛውን ወስጄዋለሁ። ሁለቴ መለስኩት፣ ሁለቴ አወጣሁት፤ እጄ እንቢ አለኝ። ሞያሌ የሚያጫውተኝ ሰው የለም፣ ምንም አያደርግልኝም። ከስልሳ በታች እንደማያጫውቱህም አውቃለሁ። ትርፎቹ ካሉበት ካርቶን ከሱ የሚሻል አታጣም።

ብቻ ቅዳሜ ስትቆጥር አንድ ይጎድልሃል።

አቡዘር