ሥራ አጥ ተብዬ እንድቆጠር ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የወረዳችን የሥራ አጥ ቁጥር መከታተያ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ፈጣሪ ጤናዎን እንደ ሪፖርትዎ ያሳምርልዎ፤ የቆላችን ሙቀትም ከቢሮዎ ማራገቢያ አልፎ አይድረስብዎ። እኔ ሽታዬ ማተቤ የኮኪት ነዋሪ ነኝ። በዕፅዋት ሳይንስ ከተመረቅሁ አራት ዓመት አለፈኝ፤ እስካሁን የቀጠረኝ የለም። ሰሞኑን አንድ የሰሊጥ መጋዘን የጥራት ተቆጣጣሪ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አውጥቷል። ለመወዳደር የሥራ አጥ መታወቂያ ያስፈልጋል፤ መታወቂያው የሚሰጠው ደግሞ በእርስዎ መዝገብ ሥራ አጥ ተብሎ ለሰፈረ ብቻ ነው። ምዝገባው አርብ ያበቃል፣ እኔም በመዝገብዎ ሥራ አጥ አይደለሁምና ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ባለፈው ክረምት እንዳልካቸው የተባለውን ትሑት መረጃ ሰብሳቢ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ከድንበር ማዶ መጥታ ጎረቤታችን የሆነችው ዘሀቢያ ከዓረብኛ በቀር ስለማትሰማ፣ አስተርጓሚ ሆኜ አንድ ሰዓት ሙሉ አብሬው ተቀመጥሁ። ዘሀቢያ ውሃ መቅዳትና እንጨት መልቀምም «ሹጉል» ማለትም ሥራ ይባል እንደሆነ ብትጠይቅ፣ እንደማይባል በትሕትና አስረዳት። እሷም ቀኑን ሙሉ ስትባዝን እንደማትሠራ ያን ቀን ተረዳች። ሲጨርስ ለውለታዬ ለስላሳ ገዛልኝና ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንኳ ሠርቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ሞኟ፣ ለአንተ ካስተረጎምሁት በቀር ምንም አልሠራሁም አልሁት። ለስላሳው በዓይነት የተከፈለ ደመወዝ ተብሎ «ሥራ ላይ ያለች» ተብዬ ተመዘገብሁ። ከምርቃቴ ወዲህ ያገኘሁት ብቸኛ ሥራ፣ ሥራ እንደሌለኝ ለማጣራት የመጣውን ሰው ማገዝ ሆነ።

ሁለተኛ፣ አቤት ብዬ በቀጣዩ ዙር እንደገና እንድጠየቅ ስላደረጉልኝ ውለታዎ አለብኝ። በዚህኛው ጥንቃቄ አድርጌ ምንም እንዳልሠራሁ ተናገርሁ። ቀጥሎ ግን ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ፈልጌ እንደሆነ ተጠየቅሁ። የቅጥር ማስታወቂያ የሚለጠፈው ገንዳ ውሃ ከተማ ነው፤ ያን ወር ሙሉ በመንገዱ መኪና እንዳልተላለፈ ክቡርነትዎም ያውቃሉ፣ ለስብሰባ ሳይመጡ የቀሩት በዚሁ ምክንያት ነበርና። አልፈለግሁም ስል «ከሥራ ኃይሉ ውጪ» ተባልሁ፤ ከጡረተኞችና ከአልጋ ቁራኞች ጋር ማለት ነው። እነሱ እንኳ ወግ ያለው ምክንያት አላቸው።

ሦስተኛ፣ በቅርቡ በአዳራሽ የወረዳው ሥራ አጥ ቁጥር በግማሽ መቀነሱን ሲያበስሩ እኔም ከሰው ጋር አጨብጭቤያለሁ። ከተቀነሱት መካከል አንዷ እኔ ነኝና ድሉ የጋራችን ነው።

አሁን ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኛለሁ። እናቴ ባየሽ ሰው ልጅሽ ምን ላይ ነች ብሎ ሲጠይቃት ምን እንደምትል ግራ ገብቷት ርእስ ትለውጣለች። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ትርሐስ ሰሊጥ እንዳራግፍላት ስትጠራኝ፣ ዳግመኛ ሠራተኛ እንዳልባል ፈርቼ የታመምሁ መስዬ ተኛሁ። እሷ ግን ሾርባ ይዛልኝ መጣች፤ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ክቡርነትዎ፣ ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ እኔ ግን ዝም ብዬ እየነቀዝሁ ነው። ብሠራ ተቀጥራለች እባላለሁ፣ ብቀመጥ የለሁም፣ ልፈልግ ብወጣ መንገዱ ይዘጋብኛል። ሥራ ስጡኝ እንኳ አላልሁም፤ የለኝም ብላችሁ ጻፉልኝ ነው የምለው።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ከዚህም የበለጠ ዝቅተኛ ቁጥር በመመኘት፣ ከሥራም ከሥራ አጥነትም በአንድ ላይ የተሰናበትሁ አክባሪዎ፣
ሽታዬ ማተቤ
ኮኪት

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ገንዳ ውሃ ፖስታ ቤት ላስገባ ስሄድ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የመጋዘኑን አዲስ ማስታወቂያ አገኘሁ። በወረዳው መታወቂያ ያለው ሥራ አጥ ባለመገኘቱ ቅጥሩ መሰረዙን ይገልጻል። እንኳን ደስ ያለዎት።