ያልተሞከረው ቅጂ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል፣ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወስደው ዳገት ቀለል አለሽ ወይስ አሁንም እያረፍሽ ነው የምትወጪው? አባባስ፣ ሳሉ ለቀቃቸው? እህቴና ልጆቿ ሰላም ናቸው? ባለፈው በስልክ “ደህና ነኝ” ብለሽኝ ነበር፤ ድምፅሽ ግን አላሳመነኝም፤ እሱም እያብከነከነኝ ነው። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። በሥራዬ ግን ከተጨነቅሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። የምነግረው ሰው ባጣ ላንቺ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሆስፒታላችን ውስጥ አዲስ ነገር እየተከልኩ ነው ብዬሽ አልነበር? ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ ለካርድ ክፍሉ አንድ፣ ለላብራቶሪው አንድ፣ ለመድኃኒት ቤቱ አንድ ኮምፒውተር ነበር፤ ሁሉም ያረጁ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው የሚተኛ። አሁን ሰርቨር በሚባሉ ሦስት ትልልቅ ማሽኖች ተክተናቸዋል። በላያቸው የጫንኩት ሶፍትዌር አንዱን ማሽን እንደ ብዙ ኮምፒውተር አድርጎ ይከፋፍለዋል። ትልቅ ቤት በግድግዳ ከፍሎ ተከራዮች እንደማስገባት ነው፤ ሁሉም የራሱ በር አለው፣ የጎረቤቱን ጓዳ አያይም። አንዱ ማሽን ቢታመም ተከራዮቹ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። ሶፍትዌሩ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎች ተረዳድተው ያርሙታል። ግሩም ነገር ነው፣ ነገር ግን ሲበላሽ “ኑና አስተካክሉ” ተብሎ የሚጠራ ሻጭ የለውም። እናምጣው ያልኩት እኔ ስለሆንኩ የሚጠየቀውም እኔው ነኝ።

የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ትልቅ ሴት ናቸው። ማህተም የሌለበት ወረቀት ስለማይቀበሉ ሁላችንም እትዬ ማህተም እንላቸዋለን። የታካሚዎችን መዝገብ ሠላሳ ዓመት በእጃቸው ጽፈዋል። ሥራ አስኪያጁ “ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ስለገባ ወረቀቱ ዓርብ ጠዋት በመኪና ተጭኖ ይወገድ” ብለው አዘዙ። ሰኞ ዕለት እትዬ ማህተም ኮሪደር ላይ አስቆሙኝና ማሽኖቹ ቢቃጠሉ ምን እንደሚተርፍ ጠየቁኝ። በየቀኑ ቅጂ እየተወሰደ ሌላ ሕንፃ ውስጥ እንደሚቀመጥ ነገርኳቸው።

“ቅጂውን ከፍተሽ አይተሽዋል?” አሉኝ።

“አዎ” አልኳቸው።

አላየሁትም ነበር፣ እማዬ። በየጠዋቱ “ተሳክቷል” የሚል አረንጓዴ ምልክት ይመጣል፤ እሱን አይቼ ሻዬን ልጠጣ እሄድ ነበር። ያቺን “አዎ” ግን ልረሳት አልቻልኩም። አንቺ ዘር ከመዝራትሽ በፊት ከጆንያው አፍ፣ ከመሃሉና ከታቹ እፍኝ እፍኝ ወስደሽ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ እስኪያቆጠቁጥ ትጠብቂ ነበር። ጎረቤቶች ጆንያሽ ሙሉ ሆኖ ምን ያስጨንቅሻል ሲሉሽ፣ “ጆንያ ገለባም ይሞላዋል” ትያቸው ነበር። ይህን እያሰብኩ ማክሰኞ ጠዋት ቅጂውን ባዶ ቦታ ላይ መልሼ ከፈትኩት። ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ የካርድ ክፍሉ ገጽም መጣ። የታካሚ ስም ብፈልግ ግን አንድም የለ። ገለባ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ሁለት ዲስክ፣ ማለትም መረጃ የሚያስቀምጥበት ሁለት ጓዳ አለው፤ መዝገቦቹ ያሉት በሁለተኛው ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ከየዲስኩ ስም ጎን ቅጂ ይወሰድለት እንደሆነ የምትጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለች። መጀመሪያ ስተክለው ሙከራው ቶሎ እንዲያልቅልኝ ብዬ የሁለተኛውን ምልክት በገዛ እጄ አንስቼው ነበር፤ ከዚያ ረሳሁት። ማሽኑ አልበደለኝም፤ ያዘዝኩትን ሠርቶ ለአራት ወር አረንጓዴውን ሰጠኝ።

ምልክቱን መልሼ አዲስ ቅጂ አስጀመርኩ። ቦታ ሞልቶ መሃል ላይ ቆመ። አሮጌዎቹን አጥፍቼ ትናንት እንደገና ጀመርኩና ተወሰደልኝ። ሰው ሳይሰማ ባልፍ ደስታዬ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ግን በካርድ ክፍሉ በር ሳልፍ መዝገቡ ሊታሸግባቸው የተደረደሩትን ባዶ ካርቶኖች አየሁና ማለፉን ተውኩት። ገብቼ ሁሉንም ለእትዬ ማህተም ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁና በሩን ዘጉ።

“መዝገቡን አስሬ ጨርሻለሁ ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ” አሉኝ። “አንዱንም አላሰርኩም። ‘አዎ’ ስትዪኝ መሬት መሬቱን ነበር የምታዪው።”

እዚህ ድረስ የጻፍኩልሽ አዲሱ ቅጂ ተመልሶ እስኪከፈት እየጠበቅሁ ነው። ስልሳ አንድ በመቶ ይላል። ሲያልቅ አይቼው ደብዳቤውን እጨርስልሻለሁ።

ሄጄ ተመለስኩ። አልቋል። ያንቺን የዘር ነገር ስነግራቸው እትዬ ማህተም ከላይኛው፣ ከመካከለኛውና ከታችኛው መደርደሪያ አሥር መዝገብ አወጡ። እሳቸው ከወረቀቱ እያነበቡ እኔ ከስክሪኑ አመሳከርኩ። ዘጠኙ ገጠሙ። የአሥረኛው ታካሚ የደም ዓይነት ግን ተለያየ። ዋናውን ብከፍት እዚያም ያው ነው፤ ለካ ቅጂው ታማኝ ነው፣ ስህተቱ የገባው ድሮ ከወረቀት ሲገለበጥ ነው። ያ ወረቀት ነገ ሊሄድ ነበር።

አብረን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባንና ውሸቴንም ሳልደብቅ ተናገርኩ። መኪናው ቀርቷል፤ ከሰኞ ጀምሮ መዝገቡ ሁሉ አንድ በአንድ ይመሳከራል። “ስላንቺ ሰኞ እንነጋገራለን” ብለውኛል። እስከዚያው እንቅልፍ እንዴት እንደሚወስደኝ አላውቅም። ጸልዪልኝ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ማሩን በሙቅ ውኃ ይውሰዱ። የእህቴን ልጆች ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ታናሽ ወንድሜን ሬዲዮዬን ፈታቶ እንዳይጨርሰው ንገሪልኝ። ለእህቴ ግን ሰላምታዬ ከአደራ ጋር ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ወፍጮ ቤት ስትሄጂ ከኋላሽ ትከተልና ዳገቱ ላይ ስንት ጊዜ እንዳረፍሽ ቆጥራ ትጻፍልኝ። “ደህና ነኝ” ማለትሽን ሰምቻለሁ፣ እማዬ።

ልጅሽ

ከሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከማሽኖቹ ክፍል
ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን