ስለ ሊፍቱ የጠየቀች ቤት አትገዛም

ለተከበሩ ሚስተር ሌናርድ ፕሊስኪን
የሕንፃችን ባለቤቶች ማኅበር የቦርድ ሊቀመንበር
ኩዊንስ፣ ኒው ዮርክ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ሁለተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ጉልበት ብዙም እንደማያሳስብ ባውቅም፣ እኔ የስድስተኛ ፎቋ ጎረቤትዎ አራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን በሰበሰብኩ ቁጥር በመልካም አነሳዎታለሁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት የተሠራው ሕንፃችን ግድግዳው ወፍራም፣ ቁም ሣጥኑ ሰፊ መሆኑን ቤቴን ለሽያጭ ሳቀርብ በደስታ ጽፌአለሁ። ሊፍቱ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ መቆሙን ግን ለእርስዎ ክብር ስል ዘልዬዋለሁ። ልጄ ናዲን ፊላደልፊያ ውስጥ ከቤቷ አጠገብ ደረጃ የሌለው ቤት አግኝታልኛለች፤ ይህን ሳልሸጥ ያንን መግዛት አልችልም፣ ያለ ቦርዱ ይሁንታ ደግሞ ገዢ አይገባም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. የመጀመሪያዎቹን ገዢዎች፣ እነዚያን ጨዋ ባልና ሚስት፣ ከነውሻቸው ለቃለ መጠይቅ ጠርተው እምቢ ስላሉልኝ አመሰግናለሁ። እርስዎ የሕንፃውን ደንብ ሲያብራሩ ውሻው ማዛጋቱ በእርግጥ ነውር ነው። እኛ ነዋሪዎቹ አፋችንን በእጃችን እየሸፈንን ለዓመታት የቻልነውን እሱ አንድ ምሽት እንኳ አልቻለም።

፪. ሁለተኛዋን ገዢ፣ ነርሷን ኢሜልዳ ባውቲስታን ስላሰናበቱልኝም እንዲሁ። ቤቱን የሚያሻሽጥልኝ ደላላ፣ «ፈገግ ብለሽ ተቀመጪ፣ ብቻ ምንም ነገር እንዳትጠይቂ! ቦርድ ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም» ብሎ አስጠንቅቋት ነበር። እሷ ግን ቤቴን ለማየት ስድስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ ስለነበር፣ «ሊፍቱ መቼ ነው የሚሠራው?» አለቻችሁ። በማግስቱ ምክንያት ያልተጻፈበት እምቢታ ደረሳት። ምክንያት እንድትሰጡ ደንቡ ስለማያስገድዳችሁ ቅር አልተሰኘሁም፤ ተቃጠልኩ እንጂ።

፫. ሊፍቱ በር ላይ የተለጠፈው «በቅርቡ ይሠራል» የሚል ወረቀት አርጅቶ ሲቀደድ ወዲያው በአዲስ ስለተኩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ለካስ በዚህ ሕንፃ የሚጠገን ነገር አለ።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና፣ ክቡር ሆይ፣ ልጄ ናፍቃኛለች። ከወረድኩ መልሼ መውጣቱ ስለሚያስፈራኝ ሳምንቱን ሙሉ ቤት የምውልበት ጊዜ አለ። ኢሜልዳ አሁንም ቤቱን ትፈልገዋለች፤ እባክዎ አንድ ጊዜ መልሰው ይጥሯት።

የቦርዱን ትዕግሥት ለእኔም እንዲሰጠኝ እየተመኘሁ፣ ከስድስተኛ ፎቅ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ሃሪየት ዞሎታው

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎም ቤትዎን ለሽያጭ ማቅረብዎን የሰማሁት ትናንት፣ ገዢዎ ፎቁን ተሳስቶ የእኔን በር ሲያንኳኳ ነው። ምስኪን፣ ላብ አጥምቆት ነበር፤ ወንበር ስቤ፣ ውሃ ሰጥቼ አሳረፍኩት። ጥያቄ የሚወድ ሰው ነው። በእኔ ቤት መጠየቅ ስለማይከለከል የጠየቀኝን ሁሉ አንድም ሳላስቀር መለስኩለት። ደረጃው እንደሚያውቁት ያስተጋባልና፣ ሲወርድ ኮቴውን በጆሮዬ ተከተልኩት፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አልቆመም።