ከወታደርነት በፊት የነበረ ሕመም

ፔታህ ቲክቫ፣ አሚሻቭ
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደም ግፊት ኪኒንሽን በሰዓቱ ትውጫለሽ ወይስ ዛሬም «ደህና ሆኜ ሳለሁ ምን ሊያደርግልኝ» እያልሽ መሳቢያ ውስጥ ታከማቺዋለሽ? እኛ የእስራኤል አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን። አምሳለ ከሥራ ስትመለስ እግሯ ያብጣል እንጂ ደህና ናት። ሊኖይ በቁመት እኔን ልታልፍ ነው። እኔም ደህና ነኝ ብዬ ማለፍ ነበረብኝ፤ ደብዳቤ የሚጀመረው እንደዚያ ነው። ግን ደህና አይደለሁም፣ እማዬ። ተናድጃለሁ። ከተናደድኩ አራት ወር አልፎኛል።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። አንቺ ግን ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍተሽ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፤ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ሰላም ይለኛል፤ እኔም ያሰብኩትን ውጬ እዘጋለሁ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል መቁጠርሽ ለዛሬ ጠቀመ። ይህን ለማንም ሳታስነብቢ መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው።

ከሠራዊቱ በአካል ጉዳት መሰናበቴን ታውቂያለሽ። ወገቤን ምን እንደሰበረውም ታውቂያለሽ፤ ሆስፒታል መጥተሽ ከአልጋዬ ሥር አልቅሰሻል። ከታንኩ ሞተር ስናወጣ የማንሻው ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ሞተሩ ተወዛውዞ መጥቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቀኝ። አራት ሰዎች አይተዋል። የአደጋው ሪፖርት በዚያው ቀን ተጽፎ በሦስት አለቆች ተፈርሟል። ስለዚህ ጉዳቴ በአገልግሎት ላይ የደረሰ መሆኑ እንዲመዘገብልኝ ሳመለክት የቀናት ጉዳይ ነው ብዬ ነበር። መልሱ ከሻቩዖት በዓል በኋላ መጣ። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የወገብ ጉዳቱ ከአገልግሎቱ የመጣ አይደለም፣ ከወታደርነት በፊት የነበረ ሕመም ነው፣ ባለጉዳዩም ይህን ሕመም በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ ሰውሯል ይላል።

ሰውሯል! እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍጄ የማላውቅ፣ በትኩሳት ታንክ ሥር የተኛሁ፣ ሕመም ሰውሬ ኖሯል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። ወረቀቱን ሊኖይ ነበረች የከፈተችው። እሷም የሠራዊቱ የመጀመሪያ የጥሪ ወረቀቷ ደርሷት፣ ሁለቱ ፖስታዎች አብረው ነበር የመጡት። አንብባ ስትጨርስ ቀና ብላ በዕብራይስጥ፣ አባ፣ ሠራዊቱን ዋሽተህ ነው እንዴ የገባኸው አለችኝ። አላለቀስኩም፤ ማልቀስስ ነበረብኝ። እሷ መልሱን የምር ነበር የምትጠብቀው።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንከራተት ብዘረዝርልሽ ወረቀቱ አይበቃም። ክራንቼን ይዤ በሁለት አውቶቡስ ወረቀቱን ወደ ጻፈው ቢሮ እሄዳለሁ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን እያየች፣ በሰደር፣ እሺ፣ እናጣራለን ትለኛለች። በሚቀጥለው ሳምንት ስሄድ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች፤ እንደገና ከስሜ እጀምራለሁ። አንዱን ቀን የሚያስረዳኝ ሰው አገኘሁ። ሕመሙ ከመግባትህ በፊት በፋይልህ ተጽፏል አለኝ። እሺ፣ እናንተ ፋይል ውስጥ የተጻፈውን እኔ የት ሄጄ ነው የሰወርኩት አልኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በጽሑፍ አቅርበው አለኝ።

እነሱ የላኩኝ ሐኪም ደግሞ የባሰ ነበር። ሸሚዜን አስወልቆ ከጎኔ ወደ ወገቤ ያሉትን ሁለት የእሳት ጠባሳዎች አየ። በጣቱ ነካካቸው፣ በስልኩ ፎቶ አነሣቸው፣ ከሚቀጥለው ክፍል ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱ ከጀርባዬ ቆመው ሲወያዩ እኔ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ግድግዳ አያለሁ። ሲጋራ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። በልጅነቴ ጣፊያ ይዞኝ በጋለ ብረት ተተኩሼ ነው፣ ቋራ ቆላ ነው፣ ወባው የልጅ ሆድ ያሳብጥ ነበር አልኩት። ጣፊያ ያለው ከፊት በኩል ነው፣ ይኼ ለወገብ በሽታ የተደረገ ነው የሚመስለው አለ። ተኳሹ ሽማግሌ የሕክምና ትምህርት ቤት አልገቡም አልኩት። አልሳቀም። የሚጽፈውን ጻፈ።

በመጨረሻ ኢናቭ የምትባል ጠበቃ አገኘሁ። የኛው ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች፤ አማርኛዋ ከ«እንዴት ነህ ጋሼ» አያልፍም፤ ግን ሲቆጧት የማትደነግጥ፣ ብትቆጣም ድምፅዋን የማታነሣ ልጅ ናት። ቅንጫቢ አይደለም፣ ሙሉ ፋይሉን ስጡን ብላ ደብዳቤ በደብዳቤ አጨናነቀቻቸው። ሮሽ ሃዓይን ባለው ቢሮዋ ቁጭ ብለን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አገላበጥን። እማዬ፣ እኔ ምን ስፈልግ እንደነበር ታውቂያለሽ? ጠላት። አንድ ሰነፍ ጸሐፊ፣ አንድ ዘረኛ ሐኪም፣ የማላውቀው ሰው በግዴለሽነት የጻፈው መስመር። ስሙን አግኝቼ ቤቱ ድረስ ልሄድ ሁሉ ዝቼ ነበር።

ገጽ አራት ላይ አገኘሁት። የመጀመሪያው የጥሪ ቀን መጠይቅ ነው። እኔና ጓንጉል ውስጥ ገብተን የኮምፒውተሩን የፈተና ቁልፍ ስንጫን አንቺና እናቱ እትዬ ምሥራቅ ውጭ ተቀምጣችሁ የልጅነት በሽታችንን የተጠየቃችሁበት። በዕብራይስጥ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ እናቱ በአስተርጓሚ እንደገለጸችው ልጁ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ወገቡን ይታመማል፣ ውሃ መሸከም አይችልም፣ በዚሁ ምክንያት በእሳት ታክሟል። ከሥሩ ፊርማ አለ። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ አንዲት የአማርኛ ቃል ብትኖር እሷ ናት። ያንቺ ስም።

ኢናቭ ጣቷን ፊርማው ላይ አድርጋ፣ ይኼ ምንድን ነው የሚለው፣ የማን ነው አለችኝ። ፊደል አታነብም። በዚያ ቢሮ ውስጥ፣ በዚያ ፎቅ ላይ፣ ያን ቃል ማንበብ የሚችል ከኔ ሌላ ሰው አልነበረም። አይታወቅም፣ የአስተርጓሚው ይሆናል አልኳት።

ሰውሯል ያሉኝ የዚያን ቀን እውነት ሆነ።

ወደ ቤት እስክገባ ተቆጥቼብሻለሁ። አሁንም ተቆጥቼብሻለሁ፤ ልደብቅሽ አልችልም። ውሃ መሸከም አይችልም? እኔ? ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ ከጓንጉል ጋር የምሽቀዳደመው ልጅ? ሠራዊቱ የሰጠኝ የጤና ነጥብ ስልሳ አራት ብቻ የሆነው በዓይኔ ነው እል ነበር ዕድሜዬን ሙሉ። ጓንጉል ዘጠና ሰባት አግኝቶ እግረኛ ጦር ሲገባ ቀንቼበት ሁለት ሳምንት አላናገርኩትም። እኔን ወደ ጋራዥ ላኩኝ። እሱ በሁለተኛ ዓመቱ ሊባኖስ ገባ። የቀረውን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ እኔም አውቀዋለሁ።

ስለ ታረቀ አልረሳሁም፣ እማዬ። ወንድሜን ደርግ ከገበያ አፍሶ ሲወስደው የነበርሽውን አላስታውስም፣ ሕፃን ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ የሆንሽውን ግን አስታውሳለሁ። መለዮ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ቀሚስሽ ውስጥ ትከቺኝ ነበር። የት እንደወደቀ የሚል አንዲት ቁራጭ ወረቀት አልሰጡሽም። ስለዚህ ለምን እንዲያ እንዳልሽ አይጠፋኝም። የሚያናድደኝ መዋሸትሽ አይደለም። ልጅሽ ወገቡ ተሰብሮ አልጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፔንሲያ፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ቢሮ ለቢሮ ሲንከራተት አንቺ ያን ቀን ያልሽውን ታውቂ ነበር፤ ዝም አልሽ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔን ግን ነቀዘኝ።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ አትደንግጪ። ከሁለት ሳምንት በፊት አፉላ መጥቼ ነበር። አንቺ ዘንድ አልገባሁም። በርሽን አልፌ አንድ ፎቅ ወደ ላይ ወጥቼ እትዬ ምሥራቅን አንኳኳሁ። በርሽ ሥር ሳልፍ የሬዲዮሽ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ለምን እንደሄድኩ ልንገርሽ። ኢናቭ፣ ፊርማው የማንም ይሁን፣ ጠባሳው ለሌላ በሽታ እንደነበር የሚመሰክር ሰው ከተገኘ ጉዳዬን የሚያየው ኮሚቴ መስመሩን ይሰርዛል ብላኝ ነበር። እኔና ጓንጉል የተተኮስነው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሽማግሌ እጅ፣ በአንድ ብረት መሆኑን ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ እሷ ብቻ ናት። ለጣፊያ። እሱ ሲተኮስ እኔ ስስቅ፣ እኔ ስተኮስ እሱ ሲስቅ።

እትዬ ምሥራቅ አቅፋ ሳመችኝ፣ ከጓንጉል ፎቶ ሥር አስቀመጠችኝ። ስለ ጠባሳው ገና መናገር ስጀምር፣ እኔ ያላሰብኩትን እሷ አስቀድማ ተናገረች። የጥሪያችሁ ቀን ከመግባታችን በፊት እናትህ በሩ ላይ ክንዴን ይዛ አንድ ነገር ነገረችኝ፣ እኔ አልሰማኋትም አለችኝ። ልጄ ጤነኛ ነው፣ ለመንግሥት አልዋሽም፣ ደግሞ እሱም ቢሰማ ይጣላኛል ብዬ ነው አለች። ይህን ስትል እያየችኝ አልነበረም፤ የሶፋውን ጨርቅ ታስተካክል ነበር። ምን ብለሽ እንደነገርሻት አልጠየቅኳትም።

ከዚያ፣ የት ነው የምመጣው፣ መቼ ነው፣ አንተ በለኝ ብቻ፣ መጥቼ እናገራለሁ አለችኝ። ሁለቱም በአንድ ቀን ተተኮሱ፣ ሁለቱም ጤነኛ ነበሩ፣ የኔን ወሰዳችሁ እላቸዋለሁ አለች። ኪሴ ውስጥ ኢናቭ ያዘጋጀችው የምስክርነት ወረቀት ነበር። እስክሪብቶም ነበር። እንድትፈርም የቀረው ማውጣት ብቻ ነበር።

አላወጣሁትም። ሌላ ወሬ አወራሁ፣ ምሳ በላሁ፣ ወጣሁ። እትዬ ምሥራቅ እውነት ተናግራ ምን እንደከፈለች አንቺም አውቀሽ ነው በየመታሰቢያው ቀን ከኋላ የምትቀመጪው። ያን እውነት በሦስት የማታውቃቸው ሰዎች ፊት ለኔ ጉዳይ ሁለተኛ አላስከፍላትም። ለአንቺ እንዳልናገር ነግራኝ ነበር። ቃሌን እነሆ አፈረስኩ።

የኮሚቴው ቀጠሮ ከሲግድ በዓል በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ትናንት ለኢናቭ ፊርማው የማን እንደሆነ ነግሬያታለሁ። ስንት ዓመቷ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሰባ አልኳት። ሰባ ዓመት የሞላትን እናት ማንም አይከስም፣ እሷ ራሷ መጥታ ያን ቀን ያልኩት ትክክል አልነበረም ካለች ይበቃል አለችኝ። መኪና ይዤ ሰኞ ማታ እመጣለሁ፤ እኛ ዘንድ ታድሪያለሽ። አስተርጓሚ ይኖራል፤ እኔ ግን አጠገብሽ ነኝ፣ የምትይውን አንድ በአንድ እሰማለሁ፤ አንዲት ቃል ቢያዛንፍ አስቆመዋለሁ። ለምን እንዲያ አልሽ ብለው ይጠይቁሻል። ስለ ታረቀ ንገሪያቸው። እዚህ አገር የሱ ስም በማንም ፋይል ውስጥ የለም፤ ቢያንስ በኔ ውስጥ ይጻፍ።

አልመጣም ብትዪ አልቀየምሽም ብዬ አልዋሽሽም። እቀየማለሁ። ግን የምስክርነት ወረቀቱን ወደ ላይ ይዤ አልወጣም፤ መስመሩም እንዳለ ይቀራል፤ ለሊኖይም የምመልሰውን እኔ አስብበታለሁ። ብትመጪ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ፎቅ ወደ ላይ ውጪ። ባዶ እጅሽን ውጪ፣ ምንም አትያዢ። እትዬ ምሥራቅ ምንም አትልሽም፤ ሃያ ዓመት ስትጠብቅሽ ኖራ አሁን ምን ትላለች?

የአባቶቻችን አምላክ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ። የሰንበት ሰላም በቤትሽ ይሁን። አምሳለ እጅሽን ትስማለች። ሊኖይ ይህን ስጽፍ መጥታ ፊደሉን እያየች ለማን ነው አለችኝ፤ ለእናቴ ነው ስላት በአማርኛ፣ ሰላም በልልኝ አለች።

ጤነኛ አድርገሽ የሰጠሻቸው ልጅሽ