ለእትዬ ዝና በስምህ ያነበብኳቸው ደብዳቤዎች

አባዬ፣

ከተለየኸን ሐሙስ ዓመት ይሞላሃል። እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ የት እንደሰነበትክ አውቀዋለሁ። ሰላምታውንም ወደ ኋላ እናቆየውና መጀመሪያ ንዴቴን ላውጣ፤ አለዚያ ብዕሩ አይሄድልኝም። የምጽፍልህ ከክፋር ዮና፣ ከእኅትህ ከእትዬ ዝና ቤት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነው።

ልጅህ አዲሱ፣ ያ ታላቅ ወንድሜ፣ ለሙት ዓመት መታሰቢያህ፣ ለአዝካራህ፣ ናታንያ ውስጥ አዳራሽ ተከራይቷል። ለዓመትህ ያልተጠራ ሰው የለም። ከሐይፋ አብረውህ መርከብ ላይ ያረጁ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ አይብ የተሞላውን ቂጣ፣ ቡሬካሱን፣ የሚሸጥልህ ሰውዬ እንኳ ተጠርቷል። የቀረችው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የእናትህ ልጅ ዝና። ለምን መሰለህ? መሞትህን አልሰማችማ!

እግዜር ያሳይህ፣ አባዬ! ዓመት ሙሉ! ልቧ ታማሚ ነው፣ ዓይኗም ከደከመ ቆየ፤ ሐኪሙ አታስደንግጧት ብሏል ተባለና አዲሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር መከረ። ከዚያ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «መርከብ ላይ ሄዷል።» በሰባ ስድስት ዓመትህ! የድሮ ካፒቴኑ ልምድ ያለው ሰው ቸግሮት ለመነው፣ እሱም እምቢ ማለት አልቻለም አሏት። እሷም አመነች። አንተን ስለምታውቅህ አመነች። «አይ ወንድምዓለም፣ በሽበቱም ባሕር አማረው?» ብላ ሳቀች አሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ከጎንደር ገጠር ባሕር ሳታይ አድገህ፣ ምጽዋ ወርደህ ገመድ በመጎተት ጀምረህ፣ እዚህ እስራኤልም መጥተህ መጥረጊያ ሲሰጡህ የመርከበኛ ደብተርህን ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተህ ያስከበርከውን ሙያ ወስደው መዋሻ አደረጉት።

አንተስ ምን ብለኸን ነበር?

እማዬ የሞተች ጊዜ አንተ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ነበርክ፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ። ትልልቆቹ ተሰብስበው ባሕር መሃል መርዶ አይነገረውም፣ ራሱን ውሃ ውስጥ ቢጥልስ አሉና እኔን አስቀምጠው አስጻፉኝ። አንተ ራስህ ባስተማርከኝ ፊደል «ሁላችንም ደኅና ነን፣ እማዬ ሰላም ትልሃለች» ብዬ ጻፍኩልህ። የሰባት ቀን ሐዘኗ፣ ሺቫዋ፣ ገና አላለቀም ነበር። ከአራት ወር በኋላ ለእሷ የገዛኸውን ሰማያዊ ጫማ ከነካርቶኑ ታቅፈህ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሽማግሌዎቹ ጣቢያው ላይ ቆመው ጠበቁህ። ካርቶኑን እስከ ቤት ድረስ ለማንም አልሰጠህም።

አልተቆጣኸኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ በረንዳው ላይ አጠገብህ አስቀምጠኸኝ፣ በየቀኑ የምትጽፍበትን ያን ደብተርህን አወጣህ። በመርከብ መዝገብ ላይ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፣ ገጹም አይቀደድም አልከኝ፤ አንድ ሰረዝ ይሰመርበትና ከጎኑ እውነቱ ይጻፋል። «ከቤት ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ሁሉም ደኅና» የሚለው ጋ ደረስክና «ሁሉም ደኅና» ላይ አንድ መስመር ሳብክበት። ከጎኑ የእማዬን ስምና የሞተችበትን ቀን ጻፍክ። ከዚያ አዲሱን ጠርተህ የሁለታችንንም እጅ ደብተሩ ላይ አስጭነህ አስማልከን። በዚህ ቤት ከእንግዲህ ሞት አይደበቅም አልክ። ከዚያ በኋላማ ከባሕር በተመለስክ ቁጥር እስከ ትምህርት ቤቴ በር ድረስ ትሸኘኝ ነበር። አሥራ ስምንት ሊሞላኝ እንኳ አልተውከኝም፤ ጓደኞቼ ይስቁብኝ ነበር። የቀረብህን ቀን የምትመልስ ይመስልህ ነበር መሰለኝ።

ታዲያ አንተ ስትሞት ምን አደረጉ? እኔ አራስ ነበርኩ። ልጄን አንድ ጊዜ አቅፈኸዋል፤ ሲያለቅስ «ይኼስ ከመርከብ ጡሩምባ ይብሳል» ብለህ ተደሰትክ። በማግስቱ አረፍክ፣ ያንኑ ቀን ተቀበርክ። እኔ ተኝቼ ስልክህን እደውላለሁ፤ አዲሱ ያነሳና ጉንፋን ይዞታል፣ ሕፃኑ ላይ እንዳያጋባ ብሎ ነው ይለኛል። ልጄ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ግርዛቱ፣ ብሪቱ ላይ፣ በዚያ ሙቀት፣ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣ። ለካ የተቀደደውን የሐዘን ሸሚዙን ሊሸፍን ኖሯል። ደግሞ አጨበጨበ! በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ለብሰው ደጄ ላይ ሲደረደሩ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። ሺቫህ ያበቃው በዚያው ቀን ነው። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኔ መች ቀባሪ ሆንኩና! ወተቷ እንዳይደርቅ ብለን ነው አሉኝ። ወተቴማ ያን ቀን ደረቀ፤ በንዴት ደረቀ።

አዲሱን ሁለት ወር አላናገርኩትም። ማን እንደ እኔ ተቆጣ! ማን እንደ እኔ መሐላውን አስታወሰ!

አሁን ደግሞ የራሴን ስማ።

ያኔ ቂሜ ገና ሳይበርድ እትዬ ዝናን ልጠይቅ መጣሁ። ልነግራት ቆርጬ ነበር፤ ሙት ብዬ እምልልሃለሁ ልል ነበር፣ ግን ሞተሃል። ገና እጇን ስስም «ከወንድምዓለም ደብዳቤ አልመጣም?» አለችኝ። ታስታውስ የለ፣ በልጅነቴ ከሞምባሳም ከሲንጋፖርም የላክኸውን ሁሉ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ፊቷን እንዲያ ወደ እኔ ቀና አድርጋ ስትጠብቅ ልነግራት ያልኩት ቀረ። ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ስሰድ የልጄ የክትባት ቀጠሮ ወረቀት ወጣ። ዘረጋሁትና «ይድረስ ለእኅቴ ለዝና» ብዬ ጀመርኩ።

ወይ ጉዴ! በየወሩ አነበብኩላት፣ አባዬ። ያንኑ የክትባት ወረቀት እያጠፍኩ እየዘረጋሁ። ደርባን ላይ ዝናብ አዘነብኩብህ። ሞምባሳ ላይ ማንጎ አበላሁህ። መልስ ስታስጽፈኝም ባዶ እጄን ጉልበቴ ላይ እያንቀሳቀስኩ የምጽፍ መሰልኩ። «ማንጎ በባዶ ሆድ አይበላም በዪው» አለችኝ አንድ ቀን፤ እኔም እሺ እትዬ አልኩ። እውነቱ ይጻፍ ካልን ይኼም ይጻፍ፦ ደስ ይለኝ ነበር። በወሩ ውስጥ አንተ በሕይወት የምትኖርበት ሰዓት ያ ብቻ ነበር። ስለ ልቧ አስቤ ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ እንጂ ደብዳቤህ የናፈቀኝ እኔ ነበርኩ። አንድ ሳምንት ደበቁኝ ብዬ ከተማውን ያመስኩ ሴትዮ፣ ዓመት ሙሉ ደበቅሁ።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ ደውሎ፣ ለሐሙስ እትዬ ዝና ጋ የምትቀመጥ ሰው አግኝቻለሁ፣ ምንም እንዳትሰማ፣ አለኝ። በአዝካራህ ቀን ጠባቂ ሊያቆምባት! ስልኩን ዘጋሁና ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አዲሱን ስሳደብ መጣሁ፤ ክፋር ዮና ስወርድ ግን የምሰድበው ሰው አለቀብኝ፤ የቀረሁት እኔው ነኝ።

እንደ ወትሮዋ ደብዳቤ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን አላወጣሁም። ሽማግሌ የለ፣ ጎሕ የለ፣ ብቻዬን ጉልበቷ ሥር ተንበርክኬ፣ እትዬ፣ ወንድምሽ ሞቷል፣ ሐሙስ ዓመቱ ነው አልኳት።

እጄን ልቧ ላይ ላደርግ ስል ገፋችኝ። በጣቶቿ ስትቆጥር ቆየችና «የማንጎውን ማን ጻፈው?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኩ። «የደርባኑንስ?» እኔ ነኝ። «እኔ ለመንገዱ ብዬ ዓመት ሙሉ ሰኞና ሐሙስ ስጾም አንቺ እዚህ ተቀምጠሽ ታዪኝ ነበር?» አለች። አዎ አልኳት፣ አባዬ። ከዚያ የተናገረችውን እስክሞት አልረሳውም። «ለልቤ አዝናችሁ እኮ አይደለም። ለቅሶዬን ፈርታችሁ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለቤተሰቡ ሁሉ ሙሾ የምታወርደው እሷ ነበረች፤ አንተ ግን ስንት ባሕር አልፈህ ያለ አንዲት ሙሾ ተቀበርክ። ተነስታ ነጠላዋን በዳሰሳ አዘቅዝቃ ለበሰችና፣ ያቺ ትሞታለች የተባለች ሴትዮ፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪወጣ ድረስ ድምፅዋን ለቀቀችው፦

ባሕሩን ተሻግሮ ሁሌ ሲመለስ፣
ምን አገኘው ዛሬ ካልጋው ላይ ሲደርስ።

አለቀስን፤ እስኪወጣልን አለቀስን። ለአዲሱ ስደውልለት «ብትሞትስ ኖሮ!» ብሎ ጮኸብኝ። እሷ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «ሐሙስ በማለዳ መኪና ይዘህ ና፤ መቃብሩን እኔ ነኝ ቀድሜ የምነካው» አለችና እንድዘጋው መለሰችልኝ። ለእሱም ለእኔም ገና ይቅርታ አላደረገችም። አትቸኩዪ ብያታለሁ፤ መብቷ ነው።

የቤቱን ወሬ ከፈለግህ፣ ልጄ መራመድ ጀምሯል። በረንዳው ላይ ያሰርካቸውን የገመድ ቋጠሮዎች ሲጎትት ይውላል፤ አንዱንም መፍታት አልቻለም። የባሕር ዳር መንሸራሸሪያው፣ ታየለቱ ላይ ይዤው ስወጣ ከሩቅ የቆሙትን መርከቦች እያሳየሁ እንደ አንተ ጭነታቸውን እገምትለታለሁ፤ ሳልዋሽ፣ የማላውቀውን አላውቅም እያልኩ።

የእናታችንን ስም የጻፍክበት ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ለእትዬ ዝና በየወሩ ደብዳቤ ተነበበ» ብዬ ጻፍኩና አንድ ሰረዝ ሳብኩበት። ከጎኑ ስምህንና የሞትክበትን ቀን አኖርኩ። አልቀደድኩትም፣ አልፋቅሁትም። ልጄ ፊደል ሲለይ እጁን እዚያ ላይ አስጭኜ ስለ አንተ የምነግረው እንዲህ ነው።

ይኼን ደብዳቤ ያዘዘችኝም እሷ ናት። ለቅሶው ሲበርድላት «በይ ወረቀት አውጪ፣ የእውነቱን» አለች። «ዝና ዛሬ ሰማች በዪው። ዓመት ሙሉ ያላለቀስኩልህ ጨክኜ አይደለም፣ ተደብቆብኝ ነው በዪው።» ብያለሁ፣ አባዬ። ስጽፍ አላመነችኝም። እጇን እጄ ላይ ጭና ብዕሩ እውነት መሄዱን እየተከታተለች ነው፤ ቆም ባልኩ ቁጥር ጣቴን ትቆነጥጠኛለች።