ወይዘሪት አትጮህም

ኅዳር 9፣ አምቦ፣ ጠዋት

ጫማዬን ሳስር በሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ታየኛለች። አትጮህም፣ አትለምንም። ሳህኗን ሞልቼ ወደ መ/ቤት።

ማስታወሻዬ፣ ወንድሜን ሳምሶንን ከቀበርን ወዲህ አልገለጥኩሽም። ከአ.አ. ቤቱ የደረሰኝ አንድ ሻንጣ ልብስና ይህቺ ድመት ናት። ዘሯ ብሪቲሽ ሾርትሄር ይባላል። በስልክ ሲነግረኝ የመኪና ስም መስሎኝ ነበር።

ኅዳር 9፣ ከሥራ መልስ

መልኳን ልንገርሽ። ፀጉሯ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አመድማ። ጣት ይሰጥምበታል። ፊቷ ክብ፣ ጉንጮቿ ጥርሷን ያመማት ይመስል ያበጡ። ዓይኖቿ መዳብ። እግሮቿ አጫጭርና ወፋፍራም፤ ስትራመድ የቀበሌ ሊቀ መንበር ናት። ሳምሶን "ወይዘሪት" ያላት ለዚህ ነው።

መታቀፍ አትወድም። ካነሷት እንደ እንጨት ትደርቃለች። ግን ከክፍል ክፍል ትከተለኛለች። ክንድ ያህል ርቃ ትቀመጣለች፣ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ። ሳምሶንም እንደዚያው ነበር፤ ይመጣል፣ ጥግ ይይዛል፣ ብዙ አያወራም።

ኅዳር 12

አከራዬ አዴ ጫልቱ ሊያዩዋት መጡ። ጎተራቸውን አይጥ ጨርሶታል። ወሰድናት። አንዱ አይጥ በአፍንጫዋ ሥር አለፈ። አየችው፤ ዓይኗን ጨፈነች። አዴ ጫልቱ በሳቅ ሞቱ፤ ድመት ሳይሆን ትራስ ነው ያመጣሽው አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ኅዳር 16፣ ጊንጪ

የመ/ቤት ሥልጠና። ወይዘሪትን ለአዴ ጫልቱ አደራ ሰጥቼ መጣሁ፤ የምግቧን ከረጢትም አስረክቤያለሁ። አዳራሹ ይቀዘቅዛል። ሻዩ ውሃ ውሃ ይላል። ማታ ደወልኩ። "ናጋ ዳ፣ ሰላም ናት። ድምፅ የላትም እኮ፣ እንዴት ያለች ጨዋ!" አሉኝ። ደስ አለኝ።

ኅዳር 23፣ አምቦ

ከረጢቱ እንደታሸገ ነው።

አዴ ጫልቱ አልደበቁኝም። የጠገበች ድመት አይጥ አትይዝም፤ ስለዚህ ውሃ ብቻ አስቀምጠው ጎተራው ውስጥ ዘግተውባታል። ያሳደጓቸው ድመቶች ሁሉ አይጥ መያዝ የለመዱት በረሃብ ነው። ለእኔ ውለታ መዋላቸው ነበር። "ብትጮህ እኮ ወዲያው እከፍትላት ነበር" ይላሉ፣ ደጋግመው።

አልጮኸችም። በሩ ሥር ቁጭ ብላ ጠብቃለች። አሁን ሳህኗን ብሞላላትም ታሸተውና ፊቷን ታዞራለች።

ኅዳር 25

የእንስሳት ሐኪሙ ኦቦ ቶሎሳ መጡ። በአብዛኛው ከብት ነው የሚያክሙት። ከንፈሯን ገለጥ አደረጉት፤ ድዷ ቢጫ። ጆሮዋም ከውስጥ ቢጫ። ወፍራም ድመት ድንገት ስትራብ የገዛ ስቧ ጉበቷን ያበላሸዋል አሉኝ። አ.አ. ቢሆን በቱቦ ይመግቧት ነበር። መንገዱን እንደማትችለው ግን ሳይሸሽጉ ነገሩኝ። በመርፌ አልባ ስሪንጅ ሾርባ ጠብ ጠብ አድርጊላት ብለው ሄዱ።

ኅዳር 28

የሰጠኋትን ታስመልሳለች። አዴ ጫልቱ ጠዋት ጠዋት ጉበት ከትፈው ያመጣሉ። በር ላይ ይቆማሉ፣ አይገቡም። ልቆጣቸው ፈለግሁ። ምን ልበላቸው? እኔስ ሳምሶን ስልክ ላይ "ደህና ነኝ" ባለኝ ቁጥር ዘግቼ እንቅልፌን ስተኛ አልነበር? ኩላሊቱ ሲያልቅ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ አላለም። ዝም ያለ ሁሉ ደህና ይመስለናል። ተናድጃለሁ። በእሱም፣ በእሷም። አንድ ጊዜ ብትጮህ ምን ነበር!

ታኅሣሥ 1

ዛሬ አልተከተለችኝም። ከወጥ ቤት ዞሬ አየሁ፣ የለችም።

ታኅሣሥ 2፣ ከሰዓት

ኦቦ ቶሎሳ ከዚህ በላይ ማሠቃየት ነው አሉ። ነገ ጠዋት መርፌውን ይዘው ይመጣሉ። እሺ አልኩ። የሳምሶን የመጨረሻው ነገር ሊሄድ ነው፣ እኔም እሺ አልኩ።

አዴ ጫልቱ ዛሬ ገቡ፤ እያለቀሱ፣ እባክሽ እቀፊያት ልጄ አሉኝ። አነሳኋት። ላባ ሆናለች። ያም ሆኖ እንደ እንጨት ደረቀች። መሬት አስቀመጥኳት። እየተንገዳገደች ክንድ ያህል ራቀች፣ ቁጭ አለች፣ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሲገባ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሳምሶንን እየተሻማን አቀፍነው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የጠላን መስሎኝ ነበር።

ነገ አላቅፋትም። መሬት እቀመጣለሁ፣ ክንድ ያህል ርቄ፣ ፊቴን ወደ እሷ አድርጌ።