የእናትሽ ማመልከቻ

ለእህቴ ልጅ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንዴት ከርመሻል? ሥራሽስ? እንቅልፍሽስ? ልጅ ሳለሽ ብርድ ሲመጣ ጉሮሮሽን ያምሽ ነበር፤ አሁንም ያምሽ እንደሆነ የምጠይቀው ሰው የለኝም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ቢሆን ደረጃ ካላየ አያጉረመርምም። ሰላምታዬን ባትቀበይው አልፈርድብሽም። ብቻ ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ከዚያ ወዲያ ብትቀጂውም ያንቺ ነው።

አድራሻሽን ያገኘሁት ለእናትሽ መጨረሻ ላይ ከላክሽላት ፖስታ ጀርባ ነው። ከሞተች ሁለት ዓመት ሙሉ ፖስታው እጄ ላይ ነበር። ያልጻፍኩት አድራሻ አጥቼ ሳይሆን ፊት አጥቼ ነው።

የምነግርሽ መልካም ዜና ነው። ግን ወደ መልካሙ የሚወስደው መንገድ በእኔ ጥፋት ላይ ያልፋል፤ ዘልዬው ልጽፍ ሞክሬ አልሆነልኝም።

እንደምታውቂው በቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ገቢውን መመዝገብ፣ ወጪውን መተየብ፣ ማኅተም መምታት ነበር ሥራዬ። አምና ኮምፒውተር ገባና አስተዳዳሪው ጠርተው፣ ቦታ ጠቦናል፣ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነውን ፋይል ለይተሽ አስወግጂ አሉኝ። ሁለት ሳምንት አቧራ ስበላ ከረምኩ። በመጨረሻው መደርደሪያ «ልዩ ልዩ» የሚል ፋይል አገኘሁ። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ማንም እንዲያገኘው የማይፈለግ ነገር የሚቀመጠው «ልዩ ልዩ» ውስጥ ነው።

ከፈትኩት። ከትምህርት ቤት ደብተርሽ የተገነጠሉ ሦስት ገጾች ነበሩ። ጽሑፉ የእናትሽ ነው። እትዬ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ስታጥብ እጇ እንደለመደው፣ እያንዳንዱን ፊደል ጠምዝዛ ነው የጨመቀችው። ቀኑን አየሁ። ያንን ነገር ለእሷ በነገርሻት በአራተኛው ቀን የተጻፈ ነው። ከላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተም አለበት፤ ከማኅተሙ ሥር ደግሞ የኔ ፊርማ።

እንዲህ ይላል፦ «ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። መዝሙር ልታጠና ልኬያት እኒህ ቄስ በራቸውን ዘግተው ያደረጉባትን ነግራኛለች። ልጄ ዋሽታ አታውቅም። ብትዋሽ ዓይኗን ታርገበግባለች፣ እኔ እናቷ አውቃለሁ። ስትነግረኝ አላርገበገበችም። ስለዚህ ፍርድ ስጡኝ፤ እናንተ ባትሰጡኝ የሚሰጠኝን አሳዩኝ።»

አንቺ የምታውቂው ሌላ ነው። ነገርሻት፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዝም አለች። ወር ሳይሞላ ሻንጣሽን አስይዛ አጎትሽ ዘንድ ላከችሽ። እናቴ አላመነችኝም፣ ጥፋተኛው ቀርቶ እኔ ተባረርኩ ብለሽ ለአጎትሽ ሚስት እንደነገርሻት ሰምቻለሁ። ልጄ፣ አምናሻለች። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አምናሻለች። ያላመነችው ራሷን ነው። ያላመነችውም እኔ ስላሳመንኳት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማመልከቻውን ይዛ ስትመጣ ማኅተም መትቼ ለአስተዳዳሪው አስገባሁት። ከሰዓት በኋላ ጠሩኝና፣ የእህትሽ ጉዳይ አይደለም እንዴ፣ ምከሪያት እንጂ አሉኝ። ፖሊስ ጋ ብትሄድ ልጅቷን በሕዝብ ፊት ያቆሟታል፤ ወንዶች በተሰበሰቡበት ምን ሆንሽ ይሏታል፤ ስሟ እንደ ቆሻሻ ውኃ መንገድ ላይ ይፈሳል አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ አንቺም የምትኖሪው በቤተ ክርስቲያኑ ቤት ነው፣ አይደል? ብለው ጠየቁኝ። እኔም አዎ አልኩ። ያንን አዎ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ማታውኑ እትዬ ዘንድ ሄጄ የተነገረኝን ሁሉ ከራሴ የፈለቀ አስመስዬ ነገርኳት። እሷ አራተኛ ክፍል፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፤ «አንቺ የተማርሽው ታውቂያለሽ» አለችኝ። ሕግ የማውቅ መስሏት ነበር። እኔ ስለ ሕግ የማውቀው ከማኅተሙ ክብ አያልፍም ነበር። ከእሱ እንድትርቂ ብላ ነው ወደ አጎትሽ የላከችሽ፤ ለምን እንደላከችሽ እንዳትነግርሽ አፏን የያዝኩት እኔ ነኝ። ካወራችሁት ልጅቷ አትረሳውም አልኳት። አየሽ፣ የተማርኩት እኔ!

እትዬ ግን እንዲያ በቀላሉ አልተወችም። ሦስት ጊዜ መልስ ልትጠይቅ መጥታለች። በሁለተኛው «ጉዳዩ ተጣርቶ መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል» የሚል ደብዳቤ ሰጠኋት። ምንም የተጣራ ነገር አልነበረም፤ የተየብኩት ራሴ ነኝ፣ አንድ የፊደል ስህተት እንኳ የለበትም። በሦስተኛው በመስኮት ስትመጣ አየኋትና ለዘበኛው የለችም በላት አልኩት። ከበሩ ውጭ ረጅም ሰዓት ቆማ ሄደች። እኔም በመጋረጃው ቀዳዳ እያየኋት ቆምኩ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም። ይቅርታ የሚጠየቀው ጥፋትን ከማረም በኋላ ነው። ስለዚህ ያደረግኩትን ልንገርሽ።

ፋይሉ ውስጥ የእትዬ ወረቀት ብቻውን አልነበረም። በዚያው ሰው ላይ ከሷ በፊት የቀረቡ ሌሎች ሁለት ማመልከቻዎች አሉ። ሰው ሁሉ አባ ማር የሚለውን፣ አንደበቱ ማር ነው እየተባለ የሚወደሰውን ማለቴ ነው። እኔ አሁን አንቱ ማለት አቁሜያለሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ልማድ ስለሆነ አንዳንዴ ምላሴ «እሳቸው» ሊል ያኮበኩባል፤ ነክሼ እይዘዋለሁ።

ወረቀቶቹን ከሽንኩርት በታች ዘንቢሌ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ሁለት ቀን እንደ ሌባ አልጋዬ ሥር አሳደርኳቸው። በሦስተኛው ቀን ገበያው ጀርባ ያለች አንዲት ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ቢሮዋ አራት እርምጃ ነው። የደንበኛው ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ በወፍራም የሕግ መጽሐፍ ተደግፏል። ስታየኝ ሳቀችና፣ አይዞሽ ተቀመጪ፣ ሕጉ ይደግፍሻል አለችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቅኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ማመልከቻዎቹን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ዕድሜሽን ነው። ሃያ ሰባት አልኳት። ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ፣ ጊዜ አላት አለች። ይርጋ የሚሉት አለ፤ ሰው የመክሰስ መብቱ የሚያልፍበት ጊዜ ማለት ነው። እኔ ሁሉም ነገር ድሮ ያለፈ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን፣ ልጅ ሳሉ ለተበደሉ ቆጠራው የሚጀምረው አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ነው፣ ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ይሰጣል አለችኝ። ልጄ፣ ያ ሰው በሩን ዘግቶብሻል፤ ሕጉ ግን ገና አልዘጋብሽም።

አስተዳዳሪው ያስፈራሩን ነገርም ውሸት ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳይ በዝግ ችሎት ነው የሚሰማው። ስምሽ አይጠራም፣ በፊደል ብቻ ትጻፊያለሽ። ከፈለግሽ እሱ በማያይሽ ቦታ፣ በመጋረጃ ጀርባ ትመሰክሪያለሽ፤ የምታምኚውን ሰው አጠገብሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ጠበቃዋ ይህን ስትነግረኝ አለቀስኩ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ይህን ለእትዬ ቢነግራት ኖሮ! መልካም ነው፣ አልቅሺና እንቀጥላለን አለችኝ፤ እሷም መሀረብ ፈልጋ አጣችና ያረጀ የቀጠሮ ወረቀት ሰጠችኝ።

የወንጀሉ ክስ አንድ ነገር ነው፤ ካሳ መጠየቅ ደግሞ ሌላ ነው። ካሳው ከሰውየው ብቻ ሳይሆን ከጽሕፈት ቤቱም ይጠየቃል። እያወቁ ዝም ስላሉ። ማወቃቸውን ምን ያስረዳል ብዬ ብጠይቃት ጣቷን የእትዬ ማመልከቻ ላይ፣ ማኅተሙ ላይ አሳረፈች። ይኸው፣ ቀንና ቁጥር ያለው፣ ገቢ የሆነ አለች። ያኔ ማኅተሙን ስመታ እህቴን ከላዬ ማራገፌ መስሎኝ ነበር። ዛሬ በጠንካራው የሚመሰክረው እሱ ነው። ከክህነት እንዲሻር ለቤተ ክርስቲያን የበላዮች ማመልከትም ይቻላል፤ ግን እሱ የፍርድ ቤቱን ቦታ አይተካም፣ በዚያ ብቻ አትታለሉ ብላኛለች።

ወረቀቶቹን ደብቀሽ አትያዢ፣ ለፖሊስ በዝርዝር አስረክበሽ ፈርመው ይስጡሽ ብላ አብራኝ ሄደች። ቃሌን የተቀበለችኝ መርማሪ ሴት ነች፤ አራት ሰዓት ፈጀብን። ዘበኛው፣ መጋረጃው፣ አዎ ያልኩት ሳይቀር ሁሉንም ተናገርኩ። በማግሥቱ ከሥራዬም ከቤቴም ወጣሁ። አስወጡኝ ማለት ይሻላል። አሁን አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። የመኪናዋ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ ሲንደቀደቅ ይውላል፤ ጸጥታ ከሚያስጨንቀው ቤት ይሻለኛል።

አሁን ወደ መልካሙ ደረስኩ። ከሁለቱ ማመልከቻዎች የአንደኛው ባለቤት ተገኘች። ዛሬ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ መኪና መንዳት ታስተምራለች። መርማሪዋ ስትደውልላት ተማሪ ይዛ መንገድ ላይ ነበረች አሉ። ዳር አስይዛ ሰማቻትና፣ ይህን ስልክ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ? አለች። መጣች፤ ክሱንም መሠረተች። የሌላይቱ የይርጋ ጊዜ አልፏል፤ እሷም ቢሆን ለመመስከር ፈቅዳለች። ሰውየው ልጆች ከማስተማር ታግዷል፣ ከአገር እንዳይወጣም ተከልክሏል። አቃቤ ሕጉ ክሱን ተቀብሎታል።

እንግዲህ ነገሩ ባንቺ ትከሻ ላይ አይደለም። ይህን በደንብ ስሚኝ። አንቺ ብትመጪም ባትመጪም ክሱ ይቀጥላል። ጠበቃዋ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት፣ እንዳትጫኛት ብላ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃኛለች። መክሰስ መብቷ ነው፣ መመስከር ብቻም መብቷ ነው፣ አንብባ አጣጥፋ ቤቷ መቀመጥም መብቷ ነው፣ ዛሬ እምቢ ብላ ከሦስት ዓመት በኋላ ብትመጣም በሩ ክፍት ነው ብላለች። ስልኳን በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ። ለመጠየቅ ብቻ ብትደውዪ ስምሽን እንኳ አትጠይቅሽም።

የመንዳት አስተማሪዋ ስለ አንቺ ስትሰማ፣ ማን መሆኗን አትንገሪኝ፣ ብቻዋን እንዳልሆነች ብቻ ንገሪያት አለችኝ። ነገርኩሽ። ከእኔ ጋር ስትገናኝ ትጮኽብኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። መጀመሪያውኑ የሷንም ማመልከቻ የመዘገብኩት እኔ ነኛ። ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ በልጅነቴ ጸጉርሽ ረጅም ነበር አለችኝ። ከዚያም፣ አልማርሽም፣ ግን አብሬሽ እሠራለሁ አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ቃል ሰው ሰጥቶኝ አያውቅም።

ለአንቺ የላክሁት የማመልከቻውን ቅጂ ነው። ዋናው ፖሊስ እጅ ነው። እትዬ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች፣ ያቺ ወረቀት አለች? ብላ ጠይቃኝ ነበር። ምናልባት ተቃጥላለች አልኳት። ልጄ ብታየው ደስ ይለኝ ነበር አለች። እነሆ እይው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቀለሙ በጠብታ የደበዘዘበት ቦታ አለ፤ ምን እንደሆነ እኔ አልነግርሽም።

የሚቀጥለው ረቡዕ ፖሊስ ጣቢያ ተጠርቻለሁ። በዚህኛው ስለዚያ የውሸት ደብዳቤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ፤ ዋስ ይዘሽ ነይ ብለውኛል። ልብስ ሰፊዋ አከራዬ እሆንሻለሁ ብላለች። የመንዳት አስተማሪዋም እኔ ልሁንላት ብትል ጠበቃዋ ሳቀችባት፤ ከሳሿ እንዴት ብላ ዋስ ትሆናለች! እሷም፣ እንግዲያው ዋስ ካልሆንኩ ሾፌር እሆናለሁ፣ በተማሪዎቹ መኪና አደርሳታለሁ አለች። በዚያች ባለ ሁለት ፍሬን መኪና ተቀምጬ ስሄድ ይታይሽ። ብርድ ስለማይስማማኝ ሹራብና አንድ ቅያሪ በትንሽ ሻንጣ አዘጋጅቻለሁ። አትጨነቂ፣ ልቤ ቀሏል፤ እንዲህ ጠግቤ የተኛሁበትን ጊዜ አላስታውሰውም። መልስ ብትጽፊልኝ ግን በጠበቃዋ አድራሻ አድርጊው፤ እኔ ለጊዜው ቤት ላልገኝ እችላለሁ።

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልሽ። የምትገቢበት ቤት ይሙቅልሽ። ሌሊትሽ ያለ ቅዠት፣ ቀንሽ ያለ ፍርሃት ይለፍ። አንቺን የሚያምንሽ አይታጣ። እናትሽን በሕልምሽ ብታዪያት ፊቷን ወዳንቺ አዙራ እንድታይሽ እለምናለሁ።

አክስትሽ ብዬ መፈረም ናፍቆኛል፤ ግን እሱን የምትሰጪኝ አንቺ ነሽ። እስከዚያው፣

የእናትሽ ታናሽ እህት